የሞተው ጠርሙስ

የሞተው ጠርሙስ ተነፈሰ።

ሴንዮ መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው። ሥራው የኬታን ሐይቅ፣ ከባሕሩ በቀጭን አሸዋ ብቻ የተለየውን ጨዋማ ውሃ መለካት ነበር። ውሃው በጠርሙስ ይቀዳል፤ ብርሃን እንዳይነካው በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ ሐይቁ ውስጥ ታስሮ ያድራል። በማግስቱ ባክቴሪያዎቹ የበሰበሰ ቅጠል ሲበሉ ምን ያህል ኦክስጅን እንደጨረሱ፣ ምን ያህል ካርቦን ወደ ውሃው እንደመለሱ ይታያል። አንዱ ጠርሙስ ግን ሕይወት ያለውን ሁሉ የሚገድል ፎርማሊን ይጨመርበታል፤ «የሞተው» የሚባለው እሱ ነው። እሱ ውስጥ ምንም ነገር መተንፈስ የለበትም። ከተነፈሰ የሌሎቹም ልኬት አይታመንም፤ የክረምቱ ሥራ ሁሉ ይሰረዛል፤ ምረቃውም አብሮ ይቀራል።

ጠርሙሶቹን እንደገና አጠበ። መሣሪያውን እንደገና አስተካከለ። የሞተው ጠርሙስ እንደገና ተነፈሰ።

በመጨረሻ የፎርማሊኑን ጀሪካን ከፍቶ አሸተተ። ፎርማሊን ዓይን ያስነባል፤ የእሱ ግን አላነባም። ውሃ ነበር።

የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው በእሱና እንደ ታላቅ ወንድም «ኤፎ» እያለ በሚጠራው ቀዛፊ፣ በዶጼ እጅ ብቻ ነው።

ገበያ ሲገባ እንደ ታላቅ እህት «ዳ» የሚላት ዓሣ ሻጯ ዳ አኩቫ ጠራችው።

«ስማ አንተ ውሃ መዛኙ! ቀዛፊህ ሀብታም ሊሆን ነው መሰለኝ። ነጭ ዳንቴል ሲገዛ አይቼዋለሁ፣ ያውም ውዱን!»

«ዓሣ ሸጦ ይሆናላ።»

«ለማን? ሚስቱ ገበያ መምጣት ትታለች፣ ለእኔ አይሰጠኝ!»

«በዚህ ሙቀት፣ ያለ በረዶ፣ ዓሣ ይቀመጣል?»

«መድኃኒት የሚያርከፈክፉበት አሉ ይባላል። የእነሱን ዓሣ ዝንብ እንኳ አይደፍረውም። ደግሞ የተማርከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን!» ብላ ሳቀችበት።

ሴንዮ አልሳቀም።

በማግስቱ ጀልባው ላይ ኤፎ ዶጼን አስተዋለው። ከስቷል። ቀድሞ ሚስቱ ዳ ኤሲናም አክፕሌ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ትቋጥርላቸው ነበር። አሁን ይዞ የሚመጣው ደረቅ ዳቦ ነው።

«ዳ ኤሲናም እንዴት ናት?»

«ተኝታለች።»

«አልተሻላትም?»

«ኤደም እየመጣ ነው» አለ፣ ጥያቄውን እንዳልሰማ። ኤደም ኮንጎ ሄዶ ዓሣ የሚያጠምደው የበኩር ልጃቸው ነው። «መርከብ አጥቶ ነው እንጂ፣ ይመጣል።»

ጥቂት ቀዘፈ። ቀጥሎ ጠየቀ፦

«ያ ፎርማሊን የነካው ነገር፣ ሳይበሰብስ እስከ መቼ ይቆያል?»

«ብዙ ይቆያል» አለ ሴንዮ።

«ለዚያ ነዋ ጥቁር ላስቲክ የምትጠቀልልበት። ጨለማው ያግዘዋል።»

ለዚያ አልነበረም። ላስቲኩ ለሌላ ነገር ነው። ሴንዮ ግን አላረመውም።

አመሻሽ ላይ ወደ ኤፎ ዶጼ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ ሁለቴ ቆመ። ተሳስቼ ቢሆንስ? ሰውየው እንጀራው ይህ ብቻ ነው። ግን ያንን ዓሣ የሚበላ ሰው አለ፤ ልጆች አሉ።

የኤፎ ዶጼ መስኮቶች ከውስጥ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል። ደጁ ላይ አንድ ዝንብ የለም።

«ኤፎ፣ ክፈት። ዓሣውን አሳየኝ።»

«የምን ዓሣ?»

«ሰው የምታበላውን! መርዝ እኮ ነው! ሰው ልትገድል ነው?»

ኤፎ ዶጼ አልተቆጣም፤ አልደነገጠምም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አወጣ።

«ጫማህን አውልቅ» አለው። «ድምፅህንም ቀንስ።»

በሩ ሲከፈት ሽታው የሴንዮን ዓይን አስነባው። እንባውን ጠርጎ ዓሣውን ፈለገ።

ዳ ኤሲናም ነጭ ዳንቴሏን ለብሳ፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ የሚቀብራትን ልጇን እየጠበቀች ነበር።