የአርባ ሦስቱ ሰዓቶች ገማች

የመድን ገማቹ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥቁር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ይወጣል፤ የባልቴቷን በር ሁለቴ ያንኳኳል። በሩ ከታች ስለሚይዝ በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ይገባል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ የምታየው ፊት ለፊት ካለው ቤቷ ነው። ወደ ሕንፃው ከገባች ገና አራት ወሯ ቢሆንም ባልቴቷን የወደደቻቸው በመጀመሪያው ቀን ነው። ልጅ አልወለደችም፤ እናቷም ከሞቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ስፌቷን ይዛ እሳቸው ዘንድ ትውላለች፤ እግረ መንገዷንም አቧራ ትጠርጋለች።

የሚጠረግ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ሰዓት ጠጋኝ የነበሩት ሟች ባላቸው ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸው አርባ ሦስት የኪስ ሰዓቶች ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። የብር አለ፣ የወርቅ አለ፣ ክዳኑ ላይ መርከብ የተቀረጸበት አለ። በቁም ሣጥኑ ግንባር ላይ የሟቹ ስም ከነአባታቸው የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። ልብስ ሰፊዋ እሱንም በየቀኑ በጨርቅ ትወለውለዋለች።

«የማን ነሽ አንቺ?» ይሏታል ባልቴቷ አንዳንድ ቀን፣ በር ሲከፍቱላት።

«የፊት ለፊቷ ነኝ፣ እማማ።»

«ውይ! ዓይኔ እኮ ነው» ይሉና ይስቃሉ።

አንድ ልጅ አላቸው። የሱ ነገር ሲነሳ ሳቁ የት እንደሚገባ አይታወቅም። «አባቱን ከቀበርን ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ምን በደልኩት?» ይላሉ። «ሰዓቶቹ የሱ ናቸው። እስኪመጣ አንድ ነገር እንዳይሆኑብኝ ብዬ ነው መድን የገባሁት። ስንት አጭበርባሪ አለ መሰለሽ! ባለፈው እንኳ አንዱ መጥቶ የቤቱ ሰው ነኝ አለኝ፤ በመጥረጊያ ነው ያባረርኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ያንን ልጅ ሳታውቀው ጠልታዋለች። ገማቹን ግን እያወቀችው ነው የጠላችው።

ሰውዬው ሰዓት ብቻ አይደለም የሚያየው። ማድ ቤት ገብቶ ምድጃው መጥፋቱን ይፈትሻል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ያያል። የመድኃኒት ብልቃጥ አንስቶ እንክብሎቹን ይቆጥራል። «መድኑ ያዛል» ይላል ሲጠየቅ። ልብስ ሰፊዋ የመድን ሊቅ አይደለችም፤ ግን የሰዓት መድን ከሰው ኪኒን ጋር ምን አገናኘው?

ይባስ ብሎ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለምርመራ ብሎ ይወስዳል። ቆሞ የሄደው ሰዓት በሳምንቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ይመለሳል። ባልቴቷ ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ ይደሰታሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን አላመነችም። ስንት ዓመት የቆመ ሰዓት እንዲህ በቀላሉ ይነሳል እንዴ? እውነተኛው እየተሸጠ አምሳያው እየተተካ ነው፤ አንድና ሁለት የለውም።

ረቡዕ ዕለት በገማቹ አቃፊ ላይ ስሙን ወዳየችው የመድን ድርጅት ደወለች። ያነሳችው ሴት መዝገብ አገላብጣ መለሰችላት፦

«በዚህ ስም የተገባ መድን የለም። ሐሙስ ሐሙስ ቤት ለቤት የሚዞር ገማችም የለንም።»

«እጅ ከፍንጅ ካልያዝኩት ሰው አይደለሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስልኩን ስትዘጋ።

ሐሙስ ጥግ ይዛ ቀሚስ እየዘመዘመች ጠበቀችው። መጣ፤ ምድጃውን አየ፤ እንክብሎቹን ቆጠረ፤ ከባልቴቷ ፊት ተቀመጠ።

«ዛሬ አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አሉት ባልቴቷ። «እኔ ባልኖር ሰዓቶቹ ለልጄ ይሁኑ። ምንም ቢጨክንብኝ ልጄ ነው።»

ገማቹ ቅጽ አወጣ።

«እርስዎ እናት አለዎት?» አሉት።

«አለችኝ።»

«ይጠይቋታል?»

የብዕሩን ክዳን ሲፈልግ ቆየ። «እሞክራለሁ» አለ።

«ይጠይቋት። እንደኔ ልጅ አይሁኑ።»

«እሺ» አለ።

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምን ዓይነት አስመሳይ ነው! አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ። እሱ አቀርቅሮ ጻፈ፤ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ያኔ ነው መርፌዋ አየር ላይ የቀረው። የልጁን ስም አልጠየቀም። ባልቴቷም አልነገሩትም።

ተሰናብቶ ሲወጣ ተከተለችው፤ ደረጃው ላይ ደርሳበት ቦርሳውን ጨመደደችው።

«ቁም! ስሙን ሳትጠይቅ ማንን ነው የጻፍከው?»

«እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ እሳቸው ይሰማሉ።»

«ይስሙ! ፖሊስም ይሰማል! ቅጹን አምጣ። መታወቂያህንም!»

አልተከራከራትም። ሁለቱንም ሰጣት። ከቅጹ ላይ የወራሹን ስም አነበበች፤ መታወቂያውን አስጠግታ አስተያየች። አንድ ነው። የራሱን ስም ነው የጻፈው! «ሌባ!» ብላ ሕንፃውን ልታነቃንቀው አፏን ከፈተች።

የአባቱና የአያቱ ስም ግን በየቀኑ ከነሐሱ ሰሌዳ ላይ የምትወለውለው ነበር።