ከውዳሴ ጋር ያለው ሰውዬ

ሰዎች በድምፅ ቀድተው የሚልኩልኝን ቀልድ ለቲክቶክ ካርቱን አደርገዋለሁ። ካርቱኑን የሚሠራልኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚሰማው የሰው ድምፅ ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይስላል።

ቀልድ ከሚልኩልኝ አንዷ ውዳሴ ኮልፌ ብየዳ ቤቶች መሀል ስለምትኖር፣ ጩኸቱ እንዳይገባባት ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው የምትቀዳው። የዛሬውን ስከፍት ግን ፕሮግራሙ እሷንና አንድ ሰውዬ ሳለ። በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ከእሷ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

ደወልኩላት።

«ከማን ጋር ሆነሽ ነው የቀዳሽው?»

«ብቻዬን ነኛ!»

«አትሸውጂኝ። በሩን ቆልፊና እንደገና ቅጂ።»

ወዲያው ላከችው። «ይኸው ቆለፍኩ፤ ብቻዬን ነኝ» ትላለች፣ በራሷ ድምፅ።

ፕሮግራሙ አሁን አንድ ሰው ብቻ ሳለ፤ ሰውየውን።

ተናድጄ መልሼ ደወልኩ። ስልኩ ተነሳ።

«ብቻዬን ነኝ አልኩህ እኮ» አለኝ፣ ጎርናና የወንድ ድምፅ።