የላዩ ድምፅ ሲቀነስ

ወንድሜ አድማሴ ጣልያን በወጣ ማግስት መንደራችን ጠዳ ላይ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ተደረመሰበት። ከላይ ሆኜ ገመዱን የምስብለት እኔ ነበርኩ። ባልዲው አፈር በሞላ ቁጥር ከታች «አያ፣ ሳብ!» ይለኝ ነበር። አስከሬኑን ማውጣት ስላቃተን ካህናቱ እዚያው ፍትሐት አደረጉለት፤ ጉድጓዱን ደፈንነው። አርፏል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከዓመታት በኋላ ውሃ የሚፈልግ ፈረንጅ በማኪና መጣ። ሽቦ ዘርግቶ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየሰደደ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ያዳምጣል።

«ምነው፣ መሬቲቱ ታመመች እንዴ?» ብሎ ጎረቤቴ አዘዘ ሳቀበት።

ፈረንጁም ሳቀ። «ላይ ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ብዙ ይጮኻል። የታቹን ያበላሻል» አለ በተሰባበረ አማርኛ። ስለዚህ የመረሬውን ድምፅ በመጠምዘዣ እየቀነሰ የጥልቁን ብቻ ያስቀራል።

አድማሴ ያለበት ቦታ ሲደርስ ልቤ አልቻለም። «ጌታዬ፣ እዚህስ አይቆፈር። ወንድሜ ያረፈበት ነው» አልኩት።

«አልቆፍርም። ልስማ ብቻ።»

መጠምዘዣውን ቀስ አድርጎ አዞረ። ጥቂት አዳመጠና ደግሞ አዞረው። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እኔ ተመለከተ።

«‹አያ ሳብ› ማለት ምንድን ነው?» አለኝ።