ለአምስት ቀን ጉብኝት

«የሚሄዱበት ምክንያት?» አለች ዓይናዲስ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ።

«ለ... ለጉብኝት። ሉቭር ሙዚየምን ለማየት።»

«አይንተባተቡ። ዓይኔን እያዩ ይመልሱ።»

ባሏ ምናለ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፓሪስ ያለ አንድ የሠዓሊያን ማኅበር ሙዚየሙን እንዲያይ ለአምስት ቀን ጋብዞታል። ነገ ጠዋት ከጎንደር አዲስ አበባ ይበራል፤ ሐሙስ የኤምባሲ ቀጠሮ አለው። ቪዛው ከተሰጠው ከዚያው ይሳፈራል። ዓይናዲስ ከሆስፒታል ተረኝነቷ ወጥታ፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የኤምባሲዋን ጠያቂ ሆናለታለች። አንቱ ስትለው ይበልጥ ይጠነቀቃል ብላ ነው።

«አምስቱን ቀን ምን ሲያዩ ይሰነብታሉ?»

ይኼን ሲጠየቅ መንተባተቡ ጠፋ። ደብተሩን ገለጠ። የሙዚየሙን ካርታ ከስልኩ ላይ አይቶ በእርሳስ ገልብጦታል። አንዱ ቀን ለግብፆች ሐውልት፣ ሁለቱ ቀን ለጣልያን ሠዓሊዎች።

«አንዱን ሥዕል ሰው ተጋፍቶ ነው የሚያየው አሉ። እኔ በሩ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደሱ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከመዳፍ በማትበልጥ ፎቶ ሳስተምረው ኖርኩ! ጥላውን ከብርሃኑ ጋር እንዴት እንዳዋሐደው በዓይኔ በብረቱ ልየው።»

ፊቱ በርቶ ነበር። ቁስቋም አጠገብ ሥዕል እያስተማረና ለቱሪስት እየሸጠ የኖረባትን ሱቅ፣ እንግዳ ሲጠፋ ከዘጋት ሦስት ዓመት ሆነው። አምና ደግሞ ክንዱ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ወደ ሳንጃ ከተማ ሲሄድ መንገድ ላይ ታግቶ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ምናለ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

«ሸጋ» አለች። «እዚህ ማን አለዎት?»

«ባለቤቴ፤ ነርስ ናት። ልጄ ሚስጥር፤ አምስት ዓመቷ ነው።»

«ጉብኝቱ ሲያልቅ ይመለሳሉ?»

«እመለ... አዎን።»

«'እመለሳለሁ' ይበሉ።»

«እመለ... እመለሳለሁ።»

«ይችው ናት የምትጥልህ» አለች፣ አንቱታውን ረስታ። ወረቀቶቹን ከኤምባሲው ዝርዝር ጋር ልታስተያይ ፋይሉን ሳበች።

«ተይው፣ እኔ አስተካክዬዋለሁ» ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ከፍታዋለች።

የግብዣው ደብዳቤ አለ። የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው አለ። ከሁሉም ሥር ኦሪጅናል ዲግሪው ተቀምጧል። ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ዲግሪው ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያረጋግጥ የውጭ ጉዳይ ማኅተም አርፎበታል፤ ቀኑ የካቲት ስምንት ይላል። በዚያ ሳምንት ምናለ ቀለም ልግዛ ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ቀለም ጠፋ ብሎ ባዶ እጁን ነበር የመጣው።

ዝርዝሩን ደግማ አየችው። ዲግሪ አይጠይቅም።

«ለአምስት ቀን ጉብኝት» አለች በዚያው በጠያቂዋ ድምፅ፣ «የተረጋገጠ ዲግሪ ምን ያደርግልዎታል?»

ምናለ ደብተሩን ዘጋ።

«ደብተሩን ለምን ዘጉት?»

«ዓይናዲስ...»

«ይመልሱልኝ።»

«ቁርጡን እኔም አላውቀውም» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «እውነቴን ነው። አንዳንድ ቀን እመለሳለሁ እላለሁ። ክንዱ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ሲገባ ሳይ ደግሞ... መጀመሪያ እኔ ልውጣ፤ ከዚያ እጠራችኋለሁ።»

«ጎረቤታችን አስናቀውም እንዲሁ ብሎ ነበር የሄደው። ይኸው ስምንት ዓመቱ፤ ልጁ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለእኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር? ከዚያ ደውለህ?»



ዓይናዲስ ዲግሪውን አገላብጣ አየችው። መቅደድ ትችላለች። መቅደድም አያስፈልጋትም፤ ፋይሉ ውስጥ ብትተወው፣ ክፉ ቃል ሳይወጣት ኤምባሲው ራሱ ያስቀርላታል። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ፣ እጁን አጣጥፎ ሲውል አይታዋለች። ቅድም ደግሞ ያን የበራ ፊት አየች።

ተነሣች። አልጋው ላይ ወደተከፈተው ሻንጣ ሄዳ ዲግሪውን ከሸሚዞቹ ሥር አስገባችው።

«ከቪዛው ወረቀት ጋር ካዩት ሊቀር ነው ብለው አይሰጡህም» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ሂድና ሥዕልህን እይ። የቀረውን እዚያው ከልብህ ጋር ተማከር።»

ምናለ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል።

«እመለሳለሁ» አለ።

አልተንተባተበም። ድምፁ የረጋ ነበር፤ ልክ እንዲህ አድርጎ እንዲለው ነበር ቅድም ያስጠናችው። ዓይናዲስ የተስተካከሉትን ሸሚዞች ደግማ አስተካከለች። ዞራ ዓይኑን ማየት ፈራች።