ግድግዳ የሚደበድቡት እናት

«እማዬ፣ ዛሬ ይለይለታል! ወይ ሙዚቃውን ይቀንሳል... ወይ ቤቱን ይለቃል!»

ሐምራዊት ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ለአከራዩ ድርጅት የቅሬታ ኢሜይል መጻፍ ጀመረች።

እናቷ እማማ ዓለምወርቅ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና... መልሰው ዘጉት።

(ይቺን አፍ መክፈትና መዝጋት ያዙልኝ።)

ነገሩ ወዲህ ነው...

እናትና ልጅ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ውስጥ አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ ይኖራሉ።

ከግድግዳው ማዶ ሮቢ የሚባል ከካሪቢያኗ ደሴት ከኩራሳዎ የመጣ ሰው አለ። ወደብ ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሳልሳ ሸክላዎቹ ጋር ብቻውን የቀረ ሽማግሌ።

ሐምራዊት የምትሠራው ዴንሃግ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው።

የሰው እናት ስታጥብና ስታጎርስ ትውላለች... የራሷ እናት፣ ያውም የስኳር ሕመምተኛ፣ እስከ አስር ሰዓት ብቻቸውን ናቸው።

ባቡር ውስጥ ሁልጊዜ የምታስበው አንድ ነገር ነው። «ብቻዋን ሳለች ብትወድቅስ?»

ያን ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትመለስ ገና በሩ ላይ ሰማችው።

ከማዶ ሳልሳ ይጮኻል። ከወዲህ እናቷ በምርኩዛቸው ግድግዳውን... ዱብ! ዱብ! ዱብ!

«ወይኔ እናቴን! በሁዳዴ ጾም በዳንኪራ ያደነቁርብኛል!» ደሟ ፈላ።

ኢሜይሉ ተላከ።

ከሳምንት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ሥራ ቦታ ስልኳ ጠራ።

«እማዬ» ይላል። ስታነሳው ግን በሆላንድኛ የሚናገር የወንድ ድምፅ ነው።

«ሮቢ ነኝ፣ ጎረቤትሽ። እናትሽ ወድቀዋል። አምቡላንስ መጥቷል... ቶሎ ነይ!»

ጃኬቷን እንኳ ሳትይዝ ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጠች።

ከዴንሃግ ሮተርዳም በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አላት። «እመብርሃን፣ አደራሽን... አደራሽን...» እያለች ደረሰች።

የሆስፒታሉ ክፍል ስትገባ ምን ብታይ ጥሩ ነው?

እማማ ዓለምወርቅ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ነርሷን በአማርኛ ይቆጣሉ!

«ሐምራዊት! ይቺ ልጅ ስኳር አጠጥታ ጾሜን አስገደፈችኝ እኮ!»

ሐምራዊት ሳቀች... ከዚያ አለቀሰች... ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ተመስገን! እናቷ ተቆጡ ማለት ደህና ናቸው ማለት ነው።

ለካ እማማ ከልጃቸው ተደብቀው፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ኖሯል። ስኳራቸው ወርዶ ነው የወደቁት። ሐኪሙ «ትንሽ ቆይተው ቢሆን ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም።

ኮሪደሩ ላይ ሮቢ በቤት ነጠላ ጫማ ተቀምጠዋል። «ያ ሰውዬ» በአንድ ረፋድ «ጋሽ ሮቢ» ሆኑላት።

«እንዴት አወቁ?» አለቻቸው።

«ከእናትሽ ጋር ቋንቋ የለንም፤ ያለን ግድግዳው ነው። መጀመሪያ ቀን የደበደቡት ዝም በል ለማለት ነበር መሰለኝ። እኔ ዘፋኙ አልጣማቸውም ብዬ ሸክላውን ቀየርኩት። ምቱን ጠብቀው መለሱልኝ! ይኸው እስከ ዛሬ...»

«ከሳልሳ ዘፋኞቼ ሩበን ብሌድስን ስከፍት ዝም ብለው ይሰማሉ። ኤክቶር ላቮ ላይ ቀስ አድርገው፣ አልፎ አልፎ ይመታሉ። ለሴሊያ ክሩዝ ግን... ግድግዳውን ሊያፈርሱት ይደርሳሉ!»

«ዛሬ ጠዋት ከአከራዩ ድርጅት ድምፅ ቀንስ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ቀነስኩ። ሩበንን ከፈትኩ... ዝም። ልማዳቸው ነው። ኤክቶርን ከፈትኩ... ዝም። አልተሰማቸውም ይሆናል ብዬ፣ የመጣው ይምጣ፣ ሴሊያን እስከ መጨረሻው ለቀቅኳት።»

ጋሽ ሮቢ አይናቸውን ጠረጉ።

«ለሴሊያ ዝም አሉ። በራቸውን ደበደብኩ፣ መልስ የለም። ያኔ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ፣ 112 ደወልኩ። እነሱ በሩን ከፍተው ሲገቡ አብሬ ገባሁና በእናትሽ ስልክ ላንቺ ደወልኩ።»

ሐምራዊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ደብዳቤውን ያስመጣሁብዎት እኔ ነኝ...»

ሽማግሌው ሳቁ። «አውቃለሁ። የኔ ቤት ጥግ ነው፤ ከእናንተ ሌላ ጎረቤት የለኝም!»

«ታዲያ...?»

«አንቺ ብታስቀይሚኝ እናትሽ ምን አደረጉኝ?»

ተመልሳ ገባች። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሁዳዴ ዘፈን እሰማለሁ ብዬ ላውራልሽ?» አሉ እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው። ቀጥለው ግን አላስቻላቸውም...

«ያ አንዱ ታሪክ ነው የሚያወራው። ቋንቋውን ባላውቅም ያስታውቃል፤ የሚያወራ ሰው ደግሞ አይቋረጥም። ሁለተኛው በአፍንጫው ይዘፍናል፤ ሆዱ እያለቀሰ የሚቀልድ ሰው ይመስለኛል፤ አይዞህ እለዋለሁ። ሴትዮዋ ግን የሰርግ ቤት አውራጅ! የምትጮኸው 'ስኳር! ስኳር!' እያለች ነው፤ ሮቢ የስኳር ፓኬት ይዞ መጥቶ አሳይቶኛል። ለኔ ለተከለከልኩት! ምን ላድርግ ልጄ... አውራጅ ሲያወርድ ተቀባይ ዝም ይላል እንዴ?»

ቅሬታው ተሰረዘ። የንስሐ አባታቸውም እማማ ጠዋት ጠዋት እንዲበሉ አዘዟቸው።

ሐምራዊት ዛሬም ዴንሃግ ትሠራለች። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከጋሽ ሮቢ አንዲት ቃል በስልኳ ትገባላታለች።

«መለሱ።»

እሷም እፎይ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ወዳጆቼ... ይረብሸናል ያልነው ጎረቤት የሚጠብቀን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በከንቱ አይደለም። ቅሬታ ከመጻፋችሁ በፊት እስቲ አንዴ በሩን አንኳኩ።

አሁን ልጠይቃችሁ...

እናታችሁ ዛሬ ዝም ቢሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ለሱም አሳዩትና አመስግኑት።