የማዳም ምጥ

«ትከሻዋን ተጫኚ! እንዳትለቂያት!» ትላለች ናቡኬራ። ቀኝ እጇ በሳሙና ተለቅልቆ እስከ ክርኗ አሳማዪቱ ውስጥ ገብቷል። ናምፒጃ ባላት ጉልበት ትጫናለች። ማዳም ግን አንዴ ትንፈራገጥና ሴትዮዋን ከጋጣው አጥር ጋር አላትማ ትነሣለች። የናቡኬራ እጅ ባዶውን ይወጣል።

ናምፒጃ የእጇን አንጓ ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላለች። «ወለቀ መሰለኝ። ይቺን ማዳም ያላት ማነው? ፖሊስ ናት እንጂ!»

ናቡኬራ አትስቅም። ግልገሉ ተጋድሞ መንገድ ዘግቷል፤ አሁን በጣቷ ጫፍ ነክታው ነበር። ከኋላው ስንት እንዳሉ ማን ያውቃል። ማዳም ከጠዋት ጀምራ ስታምጥ ውላ ትንፋሿ እያጠረ ነው። የሚጠራ ሰው ደግሞ የለም፤ የማኅበሩ ሴቶችም ወንዶቹም ወንዝ ማዶ ቀብር ሄደዋል። ከማሳካ ከተማ የሚመጣው የእንስሳት ሐኪም ራሱ የሟች ዘመድ ሆኖ ስልኩን ዘግቷል።

ማዳም የማኅበሩ ናት። ያሳደገቻት ሴት ከመጀመሪያው ወሊድ አንዲት ሴት ግልገል ተራ ለደረሳት ትሰጣለች፤ እሷም አሳድጋ ለቀጣይዋ ትሰጣለች። ማዳምን ያሳደገች ናቡኬራ ናት፤ አሁን ተራው የናምፒጃ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ የሰው ቡና እየለቀመች ነው የምትኖረው። ጋጣዋን ሠርታ ከጨረሰች ቆየች፤ ባዶ ነው። ጠዋት ጠዋት የራሷ ላልሆነች አሳማ የስኳር ድንች ሐረግ ተሸክማ ትመጣለች። ማዳም ከሞተች ተራ የሚባል ነገር የለም።

ከአጥሩ ውጭ ብስክሌት ሲንቋቋ፣ የፉርሽካ ጆንያም መሬት ላይ ዱብ ሲል ይሰማል። ናምፒጃ በእንጨቱ ክፍተት ታጮልቅና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«አማችዎ ነው። ሰማንዳ።»

ናቡኬራ ሳታስበው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ልጇ ናሱና ከተዳረች ጀምሮ እንዲህ ናት። እሱ በመንገድ ሲመጣ እሷ ሙዝ ተክሉ ውስጥ ትገባለች፤ እሷ ስትመጣ እሱ ከብስክሌቱ ወርዶ ጀርባውን ይሰጣል። ፉርሽካውንም አጥሩ ሥር አስቀምጦ ነው የሚሄደው። አማትና አማች በአንድ ጣራ ሥር አይቆሙም። ከተነካኩማ አማቲቱን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይይዛታል፤ የናቡኬራን አክስት የያዛት እሱ ነው ይባላል።

«ጉልበት እንደሁ አለው» ትላለች ናምፒጃ ወደ ጣራው እያየች።

«አፍሽን ዝጊ።»

«ዘጋሁ። ማዳምም ልትዘጋ ነው።»

ማዳም በጎኗ ወድቃለች። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። ናቡኬራ ናምፒጃን ታያለች፤ ናምፒጃ ግን ከአሳማዪቱ ሌላ የምታየው ነገር የለም።

«ጌታው!» ትላለች ናቡኬራ ግድግዳውን እያየች። «አሉ?»

«አለሁ እናቴ። ልሄድ ነበር።»

«ይግቡ።»

«የት?»

«እዚህ። ማዳምን የሚይዝልኝ አጣሁ።»

«እርስዎ እያሉ እናቴ?»

«እኔ ካልኖርኩ ማን ሊያዋልዳት!»

ናምፒጃ ሽርጧን ከወገቧ ትፈታለች። አንዱን ጫፍ ከምሰሶው አስራ ሌላውን በደህና እጇ ወጥራ ትይዛለች። ሰማንዳ የኋሊት እየተራመደ ይገባል፤ ከጨርቁ ወዲያ በማዳም ራስ በኩል ይንበረከካል። ናቡኬራ የሚታያት ጭቃ የጠጣ የሸራ ጫማው ብቻ ነው።

«ትከሻዋን ይጫኑ።»

«ይሄ ትከሻዋ ነው?»

«ኧረ እኔ የት አየዋለሁ!»

እጇን እንደገና ታስገባለች። ትንሽ እግር ታገኛለች፤ ልትይዘው ስትል ማዳም ትንፈራገጣለች፣ ሰማንዳም በማይሆን በኩል ይጫናታል፣ እግሩም ያመልጣታል።

«አውርጂው» ትላለች ናቡኬራ።

«ምኑን?»

«ጨርቁን።»

ናምፒጃ ሳቋ ይጠፋል። «እትዬ፣ መንቀጥቀጡ ቢይዝዎትስ?»

«ከያዘኝ አንቺ ታጎርሺኛለሽ።»

«ዕድሜ ልክ?»

«ዕድሜ ልክ። አውርጂው አልኩሽ!»

ጨርቁ ይወርዳል። ሰማንዳ ዓይኑን ግጥም አድርጎ ጨፍኗል።

«ይግለጡት እንጂ ጌታው፣ ፀሎት ላይ አይደለንም።»

ይገልጠዋል። እጇ የቱ ጋ እንዳለ ያይና በደረቱ ማዳም ላይ ይተኛል፤ ጆሮዋ ውስጥ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል። ምጡ ሲመጣ ናቡኬራ የግልገሉን እግር ይዛ ትስባለች። ግልገሉ ተንሸራቶ እጇ ላይ ይወድቃል፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ ያለ ነው፣ አይተነፍስም። ወዲያው ከኋላው የሌላው ራስ ብቅ ይላል። ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት።

ለአማች ዕቃ መሬት ላይ ይቀመጥለታል፤ እሱ ያነሣል። መሬቱ ግን ሽንትና ጭቃ ነው። ናቡኬራ እጇን ትዘረጋለች፣ እሱም ይዘረጋል። ግልገሉ ከመዳፍ ወደ መዳፍ ያልፋል፤ ጣቶቻቸው በአንድ ሙቅ ዝልግልግ ውስጥ ይነካካሉ።

ሰማንዳ የግልገሉን አፍንጫ በአውራ ጣቱ ይጠርጋል። እፍ ይልበታል። ናምፒጃ ሽርጧን ትወረውርለትና ጎኑን በሱ ያሸዋል፣ ያሸዋል። ምንም የለም። እንደገና ያሸዋል።

ከዚያ ቀጭን ጩኸት።

«ሴት ናት?» ትላለች ናምፒጃ። «ሴት ናት በሉኝ እንጂ!»

ገልብጦ ያያል። «ሴት ናት።»

ናምፒጃ ያመማትን እጅ ረስታ ሁለቱንም ትዘረጋለች። መልሳ ግን ትሰበስባቸዋለች። «አይ፣ መጀመሪያ ትጥባ» ትላለች።

ናቡኬራ ሁለተኛውን ግልገል ስባ አውጥታ የማዳም ጡት ላይ አስቀምጣ ቀና ትላለች። ሰማንዳ ይስቃል። ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ተሰክቷል፤ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ብቻ ስርጉድ ይላል። የልጅ ልጇ፣ የናሱና ልጅ፣ ጉንጭም እንዲሁ ነው፤ ግራው ብቻ። በቤት ውስጥ ከማን አመጣው ተብሎ ያልተነሣ ዘመድ የለም። እሷ የሟች ባሏን እናት ስትጠረጥር ነው የኖረችው።

ማዳም እንደገና እስክታምጥ ድረስ ናቡኬራ ያንን ጉንጭ ታያለች።