መኪናዋን የጫነችው መርከብ የት ደረሰች?

«ነጥቧ ጠፋች እኮ!»

ምባረክ ስልኩን አጥፍቶ አበራው... አሁንም የለችም።

ትናንት በስልኩ ካርታ ላይ፣ የሕንድ ውቅያኖስ መሃል፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ነበረች።

ዛሬ ባሕሩ ባዶ ነው...

ነጥቧ መርከብ ናት። መርከቧ ላይ ደግሞ የምባረክ አዲስ ሚኒባስ አለች። ሞምባሳ ውስጥ እንግዳ ላመላልስባት ብሎ በቀጥታ ከፋብሪካ ያዘዛት!

የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ያገለገለ መኪና ነው። ምባረክ ግን አዲስ አዘዘ፤ አዝዞም ዝም አላለም።

የሻንሲ ቁጥር ወጣላት... ለሰፈሩ አወጀ።

ቀለም ተቀባች... አወጀ።

ታላቅ ወንድሙ ፉሞ በሚሠራበት መርከብ ላይ ተጫነች... ያን ዕለትማ ጮቤ ረገጠ!

አሁን ጎረቤቱ ኮምቦ የሰፈሩ ሰው ከሚሰበሰብበት የግንብ መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ ማሐምሪ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ እየገመጠ ይጠብቀዋል።

«እህሳ ምባረክ! መኪናህን ዓሣ ይነዳታል አሉ?»

«አፍህን ዝጋ!»

«ምን አጠፋሁ? መንጃ ፈቃድ አለው ወይ ልልህ ነው እንጂ...»

ግንቡ ላይ የተቀመጠው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳችሁ ወገኖቼ። መርከብ ያለችበትን ቦታ በራዲዮ ምልክት ትናገራለች። ስልካችን ላይ የምናያት ነጥብ እሷ ናት። ችግሩ ምንድነው... ምልክቱን ወዳጅም ያየዋል፣ ጠላትም ያየዋል! ስለዚህ ወንበዴ አለ በሚባልበት ባሕር ካፒቴኑ ምልክቱን ሊያጠፋው ይችላል። ነጥቧ ጠፋች ማለት መርከቧ ሰጠመች ማለት ብቻ አይደለም። ተደብቃም ይሆናል።

ምባረክ ግን ይህ አልገባውም። ለወንድሙ ጻፈለት፤

«ጋሼ የት ናችሁ? ሰው መሳቂያ አደረገኝ! ካልነገርከኝ የመርከቧ ወኪል ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ!»

መልሱ ዘግይቶ መጣ። የሚኒባሷ ፎቶ... ጎማዎቿ በቀበቶ ታስረው። ከሥሩ መርከቧ ያለችበት ቦታ፣ በቁጥር።

«ደህና ነን። ምልክቱን ሆን ብለን ነው ያጠፋነው፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም። ለእማዬ ሰላም ነው በላት። ቦታውን ግን ለማንም እንዳትናገር... አደራ!»

ምባረክ አደራውን ጠበቀ... እስከ ግንቡ መቀመጫ ድረስ ብቻ!

«ዓሣው መሪ መያዝ ለመደ?» አለው ኮምቦ ገና ከሩቅ።

ደሙ ፈላ። ፎቶውን ከነቁጥሩ፣ መኪና ያዘዙ ሰዎች በሚሰባሰቡበት ትልቅ የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቀው።

«ይኸው! መርከቧም አለች፣ መኪናዬም አለች! ወሬኛ ሁሉ ይፈር!»

«እንኳን ደስ አለህ» ዘነበለት።

መሃል ላይ አንድ ስም የሌለው፣ ፎቶ የሌለው ሰው ብቅ አለ፤

«ማሻአላህ ወንድሜ! ፍጥነቷ ስንት ነው?»

ምባረክ ደስ አለው። ነጥቧ ሳትጠፋ ካርታው ላይ ያየውን ፍጥነቷን ነገረው... አቅጣጫዋን መረቀለት።

«ጠባቂ አላት?»

«ኧረ የላትም! ወንድሜ እኮ እዚያው ነው የሚሠራው። ጠመንጃ የያዘ ሰው የለም ብሎኛል።»

«አመሰግናለሁ።»

ሰውዬው ይህን ብሎ ከግሩፑ ወጣ።

ምባረክ የሰውዬውን ጥያቄዎች መልሶ አነበባቸው...

ሰውዬው ስለ መኪና አንድም ነገር አልጠየቀም!

የለቀቀውን አጠፋው። ግን አንዴ የታየ ነገር በምን ይጠፋል?

ለፉሞ ጻፈ... አልደረሰም። ደወለ... አይጠራም። እየሮጠ ወኪሉ ቢሮ ሄዶ ያደረገውን ሁሉ ተናዘዘ። ሠራተኛዋ ወዲያው ስልኩን አነሳች። መርከቧን ብትጠራ ብትጠራ መልስ የለም።

ቤት ሲገባ እናቱ ሬሁማ ዓሣ እየፋቀች ቀና አለች።

«ወንድምህ ምን አለ?»

«ደህና ነኝ አለ እማዬ።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን አመድ መሰለ?»

ልጅሽን በገዛ አፌ ሸጥኩት ይበላት?

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወኪሉ ቢሮ ይመላለስ ጀመር። እናቱ ለፉሞ ስትጸልይ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ይወጣል...

አንድ ረፋድ ላይ ግን ስልኩ ጮኸ። ወኪሉ ነው። መርከቧ የሞምባሳው ኪሊንዲኒ ወደብ ገብታለች!

ሚኒባሷ እያብረቀረቀች ወረደች። አንድ ጭረት የለባትም። ቁልፉን ሲሰጡት ዞር ብሎ እንኳን አላያትም፤ ዓይኑ የመርከቧ መውረጃ ላይ ነው።

ፉሞ ቦርሳውን አንግቶ ብቅ አለ።

ምባረክ እግሩ ላይ ተደፋ። «ጋሼ ይቅር በለኝ! ያላችሁበትን ቦታ ለሰው አወጣሁት!»

«አውቃለሁ።»

«ማን... ማን ነገረህ?»

ፉሞ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

«የሰጠሁህ ቦታ ውሸት ነው። እኛ ለጥሪ መመለስ አቁመን፣ ከዚያ በጣም ርቀን በደቡብ በኩል ነበርን። ብከለክልህ ወኪሉን ጨቅጭቀህ እውነቱን ታወጣው ነበር። ስለዚህ ዋሸሁህ።»

ምባረክ «ተመስገን!» ብሎ ሊያቅፈው ተነሳ። ፉሞ ግን እጁን አልዘረጋም።

«የባሕር ኃይል አውሮፕላን በዚያ ቦታ ሲያልፍ ምን እንዳየ ታውቃለህ? ሦስት ጀልባ የታጠቀ ሰው... ምንም በሌለበት ባሕር ላይ እኛን ሲጠብቅ።»

«ጋሼ...»

«ካፒቴኑ ሲነግረን ጓደኞቼ ሁሉ 'እዚያ ቦታ ምን ፈልገው ነው?' ተባባሉ። እኔ ብቻ ዝም አልኩ። ምክንያቱም ያንን ቦታ በዓለም ላይ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው።»

ወዳጆቼ፣ ያን መርከብ ሙሉ ሰው ያተረፈው ፉሞ የገዛ ወንድሙን አለማመኑ ነው። አደራ የሚከብደው ሲቀበሉት አይደለም... ሰው ሲያላግጥብን፣ እልህ ሲይዘን፣ «ይኸው!» ብለን ማሳየት ሲያምረን ነው። ለአንድ ደቂቃ ጭብጨባ ብለን የምንለቀው ነገር የሌላ ሰው ነፍስ ሊሆን ይችላል።

አሁን እውነቱን እናውራ... የእናንተ ወንድም ወይም እህት እንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ቢሆኑ፣ ለእናንተ የሚልኩት እውነተኛውን ቦታ ነው ወይስ የውሸቱን? ለምን? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።